ባዶ ሚስማሮች

«ካቻቢቴዬስ?» አለ ሽማግሌው ኅሩይ፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ። እጁ የነካው ባዶ ሚስማር ብቻ ነው።

ሳሎኑ ስለጠበበ የሚስቱ ለቅሶ ጋራዥ ወርዷል፤ እዚህ አሜሪካ ድንኳን የሚተከልበት ደጅ የለም። የዕድሩ ልጆች ወንበር ሲደረድሩ የአናጢነት ዕቃውን ሁሉ ካርቶን ውስጥ ከተቱት። መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አሁን ከፌርፋክስ ምግብ ቤቶች የመጣ የምግብ ትሪ ተደርድሮበታል። የአበሻ ደግነት መቼም አይጠይቅም።

«ጋሼ፣ ክሊን አድርገንልህ ነው» አለ ወንዳፍራሽ፣ ከዕድሩ ልጆች አንዱ። «ለምን ፈለግከው?»

«የዚህ ወንበር ብሎን ላልቷል። ሰው ሊወድቅ ነው።»

«ኦኬ፣ እኔ ፊክስ አደርገዋለሁ።»

«ስጠኝ አልኩህ!»

ወንዳፍራሽ ካርቶኑን በርብሮ ካቻቢቴውን አቀበለው። የኅሩይ ሴት ልጅ ልዕልት በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። የቀብሩ ዕለት «አባዬ፣ ቤቱን ሸጠን ካልቨር ሲቲ እኔ ጋ ትኖራለህ» ብላዋለች። ከዚህ ጋራዥ ከወጣ ምን ቀረው? ይቺን ብሎን አጥብቆ፣ ገና ሰው መሆኑን ማሳየት አለበት።

ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል። መሀሉ ጭጋግ ነው፤ የሚያየው ዳር ዳሩን ብቻ። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ወይንሸት ብቻ ነበረች። አዛውንት ከምትጦርበት ሥራዋ ስትመለስ ጫማዋን ሳትቀይር አጠገቡ ቁጭ ትልና ሜትሩን ታነብለታለች። መጋዙ ሲጠጋው «ኧረ ወደ ግራ! ጣትህን ለሽሮው ትፈልገዋለህ» ትለዋለች፤ ይሳሳቃሉ። እንግዳ መደርደሪያውን ሲያደንቅ ደግሞ «የእሱ እጅ እኮ ነው!» ትላለች። አንድም ቀን ገመናውን አላወጣችበትም። ባለፈው ሳምንት ልቧ ቀጥ ሲል ግን ዓይኑንም ይዛበት ሄደች።

ወንበሩን ገልብጦ ተንበረከከ። የካቻቢቴው ጫፍ ብሎኑን ስቶ አውራ ጣቱን ሰነጠቀው። ደገመ፤ አሁንም ሳተ።

ልዕልት መጥታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «አባዬ፣ አይታይህም እንዴ?»

ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ ውሸቱ እምቢ አለው።

«አይታየኝም። እናትሽ ነበረች የምታይልኝ። አሁን ምን ልሁን ልጄ? ምን ልሁን?»

ልዕልት ጣቷን ብሎኑ ራስ ላይ አድርጋ «እዚህ ጋ ነው» አለችው።

ካቻቢቴውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጣቷን በዳበሳ አገኘው። ቀጭን ነው፣ ቁርጥ የእናቷን። በሚደማ እጁ ጨብጦ አለቀሰ። ለቀስተኞች ተነሥተው «እግዜር ያጽናህ» እያሉ እጃቸውን ሲዘረጉለትም አልለቀቀውም።