ለምርቃት ያልተመደበ ሰከንድ

...ደግሞስ መንገድ የመኪና ብቻ ነው እንዴ፣ ብዬ ነበር መመለስ የነበረብኝ፣ ጥሩ መልስ ሁሌም የሚመጣልኝ ስብሰባው ከተበተነ በኋላ ነው፣ ግድ የለም፣ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ የመጨረሻው ስብሰባ አለ፣ እነዚህ መንገዱን ያጠበቡ ብርቱካንማ ኮኖች ወይ በድንጋይ ጠርዝ ይተካሉ ወይ ተጭነው መጋዘን ይገባሉ፣ የእግረኞች ደህንነት ማሻሻያ የሙከራ ፕሮጀክት፣ ስሙ ሲረዝም፣ ሥራው ግን አራቱን የመኪና መስመር ሁለት አድርጎ የቀረውን ለእግረኛ መስጠት ነው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባለታክሲው ሁሉ ስሜን በክፉ እያነሳ። የመንገድ መሐንዲስ ዕጣ ነው። በተለይ የባለታክሲዎቹ ተወካይ ታላቅ ወንድምሽ ሲሆን።

እህቴ ብትሆንም መንገዱን አንቃዋለች፣ አለ ባለፈው ስብሰባ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ወንድም ጋሼ አፉ አያርፍም፣ ልጆች ሆነንም አልጋውን እኩል ተካፈሉ ስንባል ሰያፍ የሚተኛው እሱ ነበር።

ቢሆንም ደስ ብሎኛል። ፋርማሲው ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሰዓት ይዣለሁ፣ እማዬ ዳቦዋን ገዝታ ማዶ ቆማለች፣ በድሮው መንገድ ሃያ ሁለት ሰከንድ ይፈጅባት ነበር፣ የእግረኛው አረንጓዴ መብራት ደግሞ አሥራ አራት፣ ስምንቱን ሰከንድ መኪና መሀል፣ እሱን እያየሁ ስንት ቀን... ተይው። አሁን በአሥር ትሻገራለች፣ በራሷ እርምጃ ለክቼዋለሁ፣ አራት ይተርፋል፣ ሪፖርቱ ላይ በቀይ አስምሬበታለሁ።

በራ። አንድ፣ ሁለት፣ ጎሽ እማዬ፣ አምስት፣ ምነው ቆመች፣ ኧረ ሂጂ፣ ፊቷ ለቆመው ሚኒባስ እጇን ዘርግታ፣ እደግ ልጄ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ይሰውርህ፣ እየመረቀች! ሰባት፣ ለምርቃት ሰከንድ አልመደብኩም፣ አሮጊት ለቆመላት ሳትመርቅ እንደማታልፍ ማን ያጣዋል፣ እኔ፣ የገዛ ልጇ፣ ዘጠኝ፣ ተነቃነቀች፣ ተመስገን፣ ቆይ ታርጋው፣ ወይ ጉድ፣ ወንድም ጋሼ ነው፣ መነጽሯን ቤት ትታ አላወቀችውም፣ እሱም እኔ ነኝ አላላትም፣ መሪውን እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ አሜን፣ አሜን፣ አሥራ ሦስት፣ እግሯ ጠርዙን ረገጠ፣ አሥራ አራት። ቀይ። በድሮው መንገድ ቢሆን... አይሆንም፣ አላስበውም።

ከኋላው ጡሩምባ ይጮሃል፣ ወንድም ጋሼ ሚኒባሱን ጥግ ያስይዛል፣ ስልኬ ይጠራል፣ እሱ ነው፣ አንቺ፣ አራት ሰዓት ላይ ምን ልበል፣ ያዘጋጀኸውን በል፣ እንዴት አድርጌ፣ ምርቃቱን ተቀብዬ? እሺ በቃ፣ ኮኖቹ በድንጋይ ይተኩ እላለሁ፣ ባለታክሲዎቹ ይስደቡኝ፣ ይልና ይዘጋዋል፣ ሳቄ ያመልጠኛል፣ ዓይኔም እንባ ያዝላል።

እማዬ አጠገቤ አረፍ ትላለች፣ ዳቦው ገና ትኩስ ነው፣ ማን መስሎሽ ነው እንዲያ የመረቅሽው፣ እላታለሁ፣ እኔ እንጃ ልጄ፣ ማንም ይሁን፣ ያሳደገችው እናት ትባረክ።

አሜን፣ እላለሁ።