በዶሪን ሽንት ቤት በር ላይ

የኦዴል ራንኪን ፎቶ በዶሪን መጠጥ ቤት የሽንት ቤት በር ላይ ከተሰቀለ አሥራ አራት ዓመት ሆነው። ፎቶው መቼም ያምራል። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነው፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ ይወፍራል፣ የከተማውን ቡድን ሰማያዊ ማሊያ በሁለት እጁ ዘርግቶ እስከ መንጋጋው ይስቃል። ምን ዋጋ አለው፣ ቢራ የጠጣ ሁሉ ግንባሩን እየገፋ ነው የሚገባው።

ሕጉን ያወጣችው የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ዶሪን ኮቫክ ናት። በፖርት ማሎሪ ሰው የሚስቱን ልደት ቢረሳ ይቅር ይባላል፤ የከተማው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ መልህቆቹ፣ በየሚያዝያው ከኮሌጅ የሚመርጡትን ልጅ ስም ቢረሳ ግን ጉድ ነው። ከተመረጡት ሁሉ ከተማውን ይበልጥ ያሳዘነው ሰው ፎቶው በሩ ላይ ይሰቀላል። የሚወርደው ከሱ የባሰ ሲመጣ ብቻ ነው። ከኦዴል በፊት አንድ ኳስ መቺ ስድስት ዓመት እዚያ ኖሯል፤ ኦዴል ሲተካው ሰውየው በፖስታ ኬክ ልኮለታል ይባላል።

ኦዴል የመከላከል መስመር ተሰላፊ ነበር። እጁን መሬት አስደግፎ ያጎነብስና፣ ፊቱ የቆመውን ግንብ የሚያህል ጠባቂ አልፎ ኳስ ወርዋሪውን መሬት ላይ መጣል ነው ሥራው። ከአገር ሁሉ ሰባተኛ ሆኖ ነው የተመረጠው። ታዲያ በሦስት ዓመት ስንት ወርዋሪ ጣለ? ሁለት። አንደኛውም በራሱ ተደናቅፎ ነው የሚሉ አሉ። ቡድኑ አሰናበተው፤ እሱ ግን ከተማውን አልለቀቀም፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ጎሚስታ ከፈተ። "ወዴት ልሂድ? ሌላ ከተማም ቴሌቪዥን አለ" ይላል ሲጠይቁት። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ከዶሪን የተጠበሰ ዓሣ አይቀርም። ከቀረ ሸሸ ይሉታላ!

እና በዚህ ዓመት ሚያዝያ፣ ምርጫው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ መልህቆቹ ማርኬል ዱፕሪ የሚባል የጆርጂያ ልጅ መረጡ።

"ያው ኮሌጅ!" ብሎ ጮኸ ስታን ዊልቼክ፣ ጡረታ የወጣው የወደብ ጫኝ፤ ከባንኮኒው ጥግ ተነስቶ አያውቅም። "ያው ቁመት! ያው ኪሎ! ኧረ አሠልጣኙም ያ ሽማግሌ ራሱ ነው! ጎበዝ፣ ኦዴልን ደገሙብን!"

"እኔ እኮ እዚህ ተቀምጫለሁ" አለ ኦዴል፣ ዓሣውን እየቆረሰ።

"እናውቃለን! ያኔም ተቀምጠህ ነበር!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኦዴልም ሳቀ፤ ካልሳቀ ይብሳል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፣ ይሄን ከለመደው ቆይቷል። ዶሪን ግን ቢራውን ስታስቀምጥለት ጎንበስ ብላ፣ "አይዞህ ሆዴ" አለችው። "ይሄኛው ከወደቀ አንተ ከበሩ ትወርዳለህ። በነጋታው ነው የማወርድህ፣ በራሴ መሰላል።"

እግዚአብሔር ይቅር ይበለውና፣ ኦዴል ያን ጊዜ ልጁ እንዲወድቅ ተመኘ። አይቶት አያውቅም፣ ክፉም አልሠራበትም፤ ግን ይውደቅ አለ በሆዱ።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሴት ልጁ ኬዛያ በነሐሴ መጨረሻ ልትመጣበት ነው። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ከእናቷ ጋር ደቡብ ነው ያደገችው፤ አሁን የከተማው ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏት አባቷ ቤት ልትኖር ነው። ትንሽ ሳለች፣ "አባዬ፣ ለምንድነው መጫወት ያቆምከው?" ስትለው፣ "ጉልበቴ ነው፣ የኔ ቆንጆ" ብሏታል። ጉልበቱ እንደ ፈረስ ጉልበት ደህና ነው። እሷ ግን ያን ጊዜ ጉልበቱን ስማለት ነበር፣ ያን መቼም አይረሳም።

"የመጀመሪያውን ጨዋታ የት ነው የምናየው?" አለችው በስልክ።

"ቤት እናየዋለን።"

"ቤት? አባዬ ደግሞ! ሁልጊዜ የምታወራልኝ ዶሪን ጋ ነው እንጂ!"

በማግስቱ ዶሪንን ለመናት። "ለአንድ እሑድ ብቻ አውርጂው። ልጄ ናት፣ ታያለች።" ዶሪን ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ቢሆንም ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ለአንድ ሰው ካወረደች፣ ነገ ያ ኳስ መቺም ካሣ ይጠይቃል አለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ለኦዴል የቀረለት ተስፋ ማርኬል ዱፕሪ ብቻ ሆነ።

ልጁም አላሳፈረው። በነሐሴው የማሟሟቂያ ጨዋታ ማርኬል አንድ ወርዋሪ እንኳ ሳይነካ ዋለ። በግራ ሲሄድ ጠባቂው በግራ ይጠብቀዋል፣ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ጠባቂው እግሩን ተክሎ ይቀበለዋል። ስታን ፀጉሩን ይነጫል፣ ዶሪን መሰላሉ የት እንዳለ ታስታውሳለች፣ ኦዴል ደግሞ ደስታው ሊያንቀው ደረሰ። ከዚያ ካሜራው የልጁን እጅ ከቅርብ አሳየ።

አምስቱንም ጣቶች መሬት ተከለ። ቀጥ ብሎ ሄደ።

ቀጥሎ ሁለቱን ጣቶች ብቻ አሳረፈ። ዞሮ ሄደ።

የኦዴል ሹካ ከእጁ ወደቀ። ያን ነገር በዓለም ላይ ከሱ በላይ የሚያውቀው የለም። ከተሰናበተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ አንድ ሪግቢ የሚባል የድሮ ጠባቂ አውሮፕላን ማረፊያ አግኝቶት፣ "ወይ ኦዴል! ጣቶችህ እኮ ዳቦ አበሉን!" ብሎ ሆዱን ይዞ ስቆበታል። አምስት ከሆነ ቀጥታ፣ ሁለት ከሆነ ዙር፤ የተጋጣሚ ጠባቂ ሁሉ ያውቅ ነበር፣ የማያውቀው እሱ ብቻ። ያንን አቋቋም ያስተማረው የኮሌጁ ሽማግሌ አሠልጣኝ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያኔ ቢያውቀው ምን ይጠቅመዋል? እንዲህ ባለች ተራ ነገር ወደቅሁ ብሎ ለሰው መናገር ደግሞ ከመውደቁም የባሰ አሳፈረው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ።

አሁንም ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ልጁ ይወድቃል፣ ፎቶውም ይወርዳል። ምንም መሥራት የለበትም፤ ዓሣውን መብላት ብቻ ነው። ዓሣው ግን አልወርድ አለው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ አሮጌ መኪና እየተንሻፈፈ ጎሚስታው ግቢ ገባ። የኋላ ጎማው ላይ ምስማር ተሰክቷል። ከውስጡ ማርኬል ዱፕሪ ወጣ፤ ወጥቶ ለመጨረስ ጊዜ ወሰደበት።

"ደህና ዋሉ፣ ሚስተር ኦዴል" አለ ቆቡን አውልቆ።

"ሚሊዮን ተከፍሎህ በዚህ ትሄዳለህ?" አለ ኦዴል።

"የእናቴ ናት። ለእሷ አዲስ ገዝቼላት ይቺን እኔ ወሰድኩ።"

ኦዴል ክሪኩን አስገብቶ አነሳ፣ ጎማውን ፈታ፣ ውኃ በርሜል ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልግ ጀመር። ልጁ አጠገቡ ቆሞ ቆቡን ያሻሻል።

"እውነቱን ልንገርዎት? ምስማሩን መንገድ ላይ ያገኘሁት ቢሆንም፣ ሌላ ሁለት ጎሚስታ አልፌ ነው የመጣሁት። ሬዲዮ ስከፍት የእርስዎ ስም ነው። ገበያ ስገባ የእርስዎ ስም ነው። ትናንት አንዲት አሮጊት አቅፈው አለቀሱብኝ።"

"እሷ ሁሉም ላይ ነው የምታለቅሰው።"

"ሚስተር ኦዴል፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ምን ነበር ያጠፉት? እንዳልደግመው ብዬ ነው።"

አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ኦዴል ቀና ሳይል፣ "ጉልበቴ ነው" አለ።

"አዝናለሁ፣ ጌታዬ" አለ ልጁ፤ ያዘነም ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቀም። ኦዴል ቀዳዳውን ደፈነ፣ ጎማውን መልሶ አሰረ፣ ክሪኩን አወረደ። ልጁ ከፈለ፣ አመሰገነ፣ ከመግባቱ በፊትም ጎማውን ለማየት አጎነበሰ። ሲያጎነብስ እጁን መሬት አስደገፈ። አምስት ጣት፣ እንደ ችካል ተተክለው።

"ኧረ የፈጣሪ ያለህ!" አለ ኦዴል። የጎማ መፍቻ ችያቬውን ወረወረው። "ና፣ ተመለስ! ጉልበቴ ምንም አልሆነም!"

ልጁ እንዳጎነበሰ ቀረ።

"እጅህን አታንሳ። እየው። ስንት ጣት ነው?"

"አምስት።"

"ቀጥ ብለህ ልትሄድ ስትል አምስት ትተክላለህ። ዞረህ ልትሄድ ስትል ሁለት። ሁሌ! የማሟሟቂያውን ቪዲዮ ቤትህ ሄደህ እየው። ያ ሽማግሌ ነው እንዲህ ያስተማረን፤ ጠባቂዎቹ እንደ ጋዜጣ ነበር የሚያነቡኝ። አሁን ደግሞ አንተን ጀምረዋል።"

ማርኬል የራሱን እጅ እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው። "ማነው የነገረዎት?"

"በአምስት ዓመት የዘገየ ሰው።"

"እንግዲያው ልተወው? ሁሌ ሦስት ጣት ላድርግ?"

ኦዴል ዙሪያውን ተመለከተ፤ ከጎማ ክምር በቀር ማንም የለም። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቅባት በነካው ቱታው፣ እጁን መሬት አስደግፎ የጨዋታ አቋቋም ቆመ። ወገቡ ቋ አለ።

"ሞኝ አትሁን፣ ልጄ። የሚያነቡህን ጋዜጣ ለምን ትቀድደዋለህ? ሐሰት ጻፍበት! አምስት አሳያቸውና ዙር። ሁለት አሳያቸውና በጠባቂው ሆድ ላይ ሂድ!"

ልጁ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ እንደ ሕፃን ይንከተከት ጀመር። ለሁለት ሰዓት ግቢው ውስጥ ጎማ እየገፉ ሲያጎነብሱና ሲነሱ ዋሉ። ሊሄድ ሲል ማርኬል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይሄ ከተሰማ ማታለሉ ዋጋ የለውም። ለማንም እንዳይነግሩብኝ" አለው።

"ለማን እነግራለሁ" አለ ኦዴል።

መኪናው ከወጣ በኋላ ጎማ ላይ ተቀምጦ ራሱን ሰደበ። የገዛ ፎቶውን በገዛ እጁ በምስማር መታው ማለት ነው። አሁን ደግሞ ለምን እንዳደረገው ለኬዛያ እንኳ ሊነግራት አይችልም።

እሑድ ደረሰ። ኬዛያ ከአባቷ ቁመት ትንሽ ብቻ ዝቅ ብላ፣ ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ ዶሪን ቤት ገባች። ኦዴል ቀድሟት ገብቶ ጀርባዋን ለሽንት ቤቱ የሚሰጥ ወንበር ያዘላት፤ ስታን አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ዶሪን በፎጣ ጆሮውን አለችው።

ጨዋታው ተጀመረ። ማርኬል አምስት ጣቱን ተከለ። ጠባቂው ደረቱን ነፍቶ ቀጥታ ሊቀበለው ሲነሳ ልጁ በጎኑ እንደ ንፋስ አለፈና ወርዋሪውን ከነኳሱ አነጠፈው። ቤቱ ጣሪያውን ሊነቅል ደረሰ። ሁለተኛው ሩብ ላይ ሁለት ጣት አሳረፈ፤ ጠባቂው ወደ ጎን ሲዘልለት በባዶ በር እንደሚገባ ሰው ቀጥ ብሎ ገባ። ሦስተኛውን ሲጥል ስታን የማያውቀውን ሰው ሳመ።

"ያን ልጅ ከኦዴል ጋር ያወዳደረ ማነው?" ይላል ስታን እየጮኸ። "የት ይገናኛሉ! ሰማይና ምድር!"

"አንተ ነህ ያወዳደርከው!" አለችው ዶሪን።

ማርኬል ከወደቀው ወርዋሪ ላይ ተነስቶ ካሜራውን ፈለገ። ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ አምስት ጣት አሳየ። ቀጥሎ ሁለት። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ጎንበስ አደረገ፤ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው። የቴሌቪዥኑ ሰዎች ተደናገሩ። አንዱ የእናቱ ቤት ቁጥር ይሆናል አለ።

"ሃምሳ ሁለት!" አለ ስታን። "ዘንድሮ ሃምሳ ሁለት ወርዋሪ እጥላለሁ እያለ ነው!"

ኦዴል አልጮኸም። እጁ ብቻ ጠረጴዛው ላይ በራሱ ጊዜ ሲንቀሳቀስ ነበር፤ አምስት፣ ሁለት። ኬዛያ ቴሌቪዥኑን ትታ የአባቷን እጅ እያየች እንደሆነ የገባው ዘግይቶ ነው።

ዶሪን ቢራ ይዛ መጣች። "እንግዲህ ሆዴ፣ ምን ላድርግህ" አለች፣ ድምጿ ተሰብሮ። "ይሄ ልጅ አይወድቅም። በሩ ያንተ ሆነ መሰለኝ።"

"የምን በር?" አለች ኬዛያ፣ ዘወርም ብላ አየች። የአባቷ ፊት፣ ያ ሁሉ ጥርስ፣ ከታች ደግሞ "ወንዶች" የሚል ጽሑፍ። ኦዴል ዓይኑን ጨፈነ።

"አባዬ! ያኔ ፀጉር ነበረህ!"

"ኬዛያ፣ ስሚኝ፣ ጉልበቴ ነው ያልኩሽ..."

"ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ እኮ። ኢንተርኔት የሚባል ነገር አለ።" ወንበሯን አስጠግታ ጆሮው ሥር፣ ማንም ሳይሰማ፣ "ጣቶቹን ያስተማርከው አንተ ነህ፣ አይደል?" አለችው።

መልስ አልሰጣትም፤ ቃል ቃል ነው። ግን መሳቁን መከልከል አልቻለም፣ እሷም መልሱን ከዚያው ወሰደች። ክንዱን ይዛ እየጎተተች በሩ ድረስ ወሰደችውና ስልኳን ለዶሪን ሰጠቻት። ኦዴል ከፎቶው አጠገብ ቆመ። አምስት ጣት አነሳ፣ ቀጥሎ ሁለት።

"አንተ ደግሞ ምን ቤት ነህ ሃምሳ ሁለት የምትለው!" አለ ስታን፣ ቤቱም እንደገና በሳቅ ፈረሰ። ኬዛያ ብቻ አልሳቀችም፤ የአባቷን ክንድ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ነበር።