የማይዞሩት ሽክርክሪቶች

ቅርጭጭ… ቅርጭጭ… የሚል ድምፅ ከኩሽናው ጓሮ ይሰማል። መምህርት ሙና ከመዋዕለ ሕፃናቱ በር ገና መግባቷ ነበር። ሰው ደረቅ ቅጠል የሚረግጥ መሰላት። ዞራ ብታይ ዘበኛው ጋሽ ሙላቴ አንድ እግራቸውን ማዳበሪያ ውስጥ ከተው ወረቀት ይጠቀጥቃሉ።

«ጋሽ ሙላቴ! ምን እያደረጉ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ ለእሳት ማቀጣጠያ ይሁን ተብዬ ነው።»

ማዳበሪያውን ነጠቀቻቸው። የልጆቿ ሽክርክሪት! ከአሮጌ የፈተና ወረቀት ቆርጠው፣ ጆሮ ጆሮውን አጥፈው የሠሩት፣ እሷም በስፒል ከሸምበቆ ጋር ያያያዘችላቸው። ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣውን ነፋስ ሳምንቱን ሙሉ ያስተማረቻቸው በዚህ ነው። እመቤቴ የምትባለዋ ልጅማ ጉድ ነበር፤ ጆሮዎቹን በተቃራኒው አጥፋ ኖሮ የሁሉም ወደ ቀኝ ሲዞር የእሷ ወደ ግራ! ልጆቹ ምክንያቱን ፈልገው እስኪያገኙ ምሳቸውን እንኳ ረስተው ነበር።

ሙና ደሟ ፈላ። ማዳበሪያውን እየጎተተች ወደ አዳራሹ ገባች። የወላጆች በዓል ነውና ግድግዳው አሸብርቋል። ከባሕር ዳር ተገዝተው የመጡ የሚያብረቀርቁ ሽክርክሪቶች ተደርድረዋል፤ በያንዳንዱ ላይ የልጅ ስም ተጽፏል። አንዱን በጣቷ ገፋችው። ንቅንቅ አላለም፤ መሐሉ በሙጫ ተጣብቋል።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ይሄ እኮ አይዞርም!»

ርእሰ መምህሯ ዘወር እንኳ አላሉም። «ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር ይዙር ያለሽ ማነው?»

«ልጆቹ አልሠሩትማ!»

«ታዲያ ያንን ጭምድድ ያለ ነገር ላሳይና ወላጅ ይሳቅብኝ? ይልቅ ነጠላሽን አስተካክይና እንግዳ ተቀበይ። የሙከራ ጊዜሽ ገና አላለቀም፤ እንዳትረሺው።»

ከዚያም ልጆቹን አሰልፈው «እኔ ነኝ የሠራሁት» የሚለውን ያስጠኗቸው ጀመር። እነዚያ ትንንሽ አፎች እንደ መዝሙር ተቀበሉት። ሙና ማዳበሪያውን እንደያዘች ጥግ ቆመች። ሕፃን ልጅ ሳይንስ ተማረ ተብሎ ውሸት ይሸመድዳል? ምን ዓይነት ጉድ ነው ይሄ!

ወላጆች ገቡ። የእመቤቴ አባት መሪጌታ ዘውገ፣ የቅኔ መምህሩ፣ ተማሪ ሳይጠይቁ ማለፍ አያውቁም። የልጃቸውን ስም ያዩበት ሽክርክሪት ጋ ቆሙ።

«እሜ፣ ይህን እንዴት አድርገሽ ሠራሽው?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«እሱንማ ስምሽን አየሁት። እንዴት ነው ያልሁሽ?»

ልጅቱ የእጅጌዋን ጫፍ ማኘክ ጀመረች።

«ባልሠራሽው ላይ ነው እንዴ ስምሽ ያለው? መዋሸት ነው የተማርሽው?» መሪጌታ ድምፃቸው ጠነከረ። የእመቤቴ ዓይን እንባ ሞላ።

ሙና ከዚህ በላይ አልቻለችም። «መሪጌታ፣ እሷን አይቆጧት! ውሸቱን ያስጠናናት እኛ ነን!»

«ሙና!» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ማይኩን እንደ ዱላ ጨብጠው። «አንቺ ልጅ፣ አብደሻል?»

«አብዳለች ይበሉኝ! እኔን ያባሩኝ፤ ልጆቹ ግን ሌባ ሳይሆኑ እንደ ሌባ አይቆሙም!» ማዳበሪያውን ወለሉ ላይ ገለበጠችው። ልጆቹ ሰልፉን ትተው ተንጋጉ። «የኔ! የኔ!» እየተባባሉ ተሻሙ። አንዱ የተረገጠውን እያየ ጮኾ አለቀሰ።

እመቤቴ የራሷን በአጭሩ ሸምበቆው ለየችው። ጆሮው ተጨፍልቋል። በምራቋ አርጥባ ቀና አደረገችውና እፍ አለችበት፤ ወደ ግራ ዞረ።

«አባዬ፣ ጆሮውን እንዲህ ካጠፍኩት ነፋሱ እዚህ ጋ ይገባና ይገፋዋል። ወደ ግራ ነው የሚሄድ። እንደነሱ ባጥፈው ወደ ቀኝ ይሄድ ነበር።»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው ራሳቸው እፍ አሉበት። እንደገና እፍ አሉ። ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው ላይ ፈገግታ አልነበረም። ከግድግዳው ላይ ያንን የሚያብረቀርቅ ነገር ነቀሉና ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ዘረጉላቸው።

«ወይዘሮ፣ ይህ የልጄ ስም ያለበትስ የማን ነው?»

ወላጅ ሁሉ መልስ ጠበቀ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ማይኩን ወንበር ላይ አኖሩት። ቦርሳቸውን አነሡ። በተቀመጠው ሰው መሐል አልፈው፣ ማንንም ሳያዩ፣ በሩን ከፍተው ሄዱ።