አስተኚው ሰኞ ይመጣል

መምህርቷ በዚያን ዕለት ወንበሯ ላይ አልረጋ አለች። የምክር ቤቱ ወንበር ሰው እንዲተኛበት የተሠራ ይመስል ለስላሳ ነው፤ ስንቱን አባል እንዳስተኛ ግድግዳው ይመስክር። እሷ ግን አንዴ እግሯን ታነባብራለች፣ አንዴ ትዘረጋለች፣ አንዴ የእስክሪብቶዋን ክዳን ነቅላ መልሳ ትከድናለች። መምህርት የሚባለው ስም የወጣላት ከመመረጧ በፊት ኬሚስትሪ ታስተምር ስለነበር ብቻ አይደለም። ሚኒስትር ፊት ስትቆም የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ ያገኘች ትመስላለች። ብዙ ጠይቃለች፣ ብዙዎችን በላብ አጥምቃለች። የዛሬው ጥያቄ ግን የእህቷን ነፍስ የሚመለከት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሷን በመረጣት ከተማ ያለው ሆስፒታል ባለፈው ዓመት የቀዶ ሕክምና ክፍል ተሠርቶለታል። ሪባኑ ተቆርጧል፣ ፎቶው ተነሥቷል፣ መብራቱም ቦግ ይላል። ቀዶ የሚሠራ ሐኪምም አለ። የጠፋው በሽተኛውን በማደንዘዣ የሚያስተኛ ባለሙያ ነው፤ ያለ እሱ ደግሞ ማንም ቢላዋ አያነሣም። ስለዚህ ክፍሉ ከተመረቀ ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው። የከተማው ሰው ማልቀስ ሲሰለቸው ቀልድ ጀመረ። «ምነው ከምክር ቤት አንድ ሰው ቢያውሱን! እዚያ እንደሆነ አስተኚ ሞልቷል» ይላል። ባለሙያውን «አስተኚው» ብሎ መጥራትም የመጣው ከዚያ ነው።

ታናሽ እህቷ ሚጣ ደግሞ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ምጡ ጠንቶባት፣ ወደ ትልቁ ከተማ በሚወስደው ኮረኮንች ላይ በመኪና ስትንገላታ ሞታ ነው የተነሣችው። ልጁ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ሁለተኛውም በዚያው መንገድ ካልተወለደ ለሕይወቷ እንደሚያሰጋት ሐኪሙ በግልጽ ነግሯታል። እሷ ግን ያን ኮረኮንች ዳግመኛ አልረግጠውም ብላ ምላለች። ቀደም ብላ ትልቁ ከተማ መጥታ ታላቅ እህቷ ቤት እንድትቀመጥ ባሏም ለመናት፣ ጎረቤትም ለመናት፤ አሻፈረኝ አለች። መንገዱ ሲነሣ ተነሥታ ከቤት ትወጣለች።

ጠዋት ደውላ ነበር።

«እትዬ፣ ዛሬ ነው አይደል የምትጠይቂልኝ?»

«ዛሬ ነው የኔ እናት።»

«ጠበቅ አድርገሽ! በቴሌቪዥን ቁጭ ብዬ ነው የማይሽ።»

ጠበቅ ማድረጉንስ ታውቅበታለች። ያዘጋጀችው ጥያቄ አጭር ነው፦ በመላ አገሪቱ አስተኚ አጥቶ የተቆለፈ የቀዶ ሕክምና ክፍል ስንት ነው? ባለሙያው ሁሉ ትልልቅ ከተማ የሚመደበውስ እስከ መቼ ነው? ሚኒስትሮች «ለምን» ሲባሉ አይደነግጡም፤ ስለ ለምን ግማሽ ቀን ያወራሉ። «ስንት» ሲባሉ ግን ውሃ ይጠማቸዋል። ችግሩ የምክር ቤቱ ልማድ ነው። አባላት ተራ በተራ ይጠይቁና ጥያቄው ሁሉ ተጠራቅሞ ሚኒስትሩ «በጥቅሉ» ይመልሳሉ። የሚወዱትን ይለቅማሉ፤ የማይወዱት እዚያው ወድቆ ይቀራል።

«አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ? እኔንም አናወጥሽኝ» አሏት አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ። ኪሳቸው ከረሜላ ስለማያጣ ጋሽ ከረሜላ ይባላሉ። ከአገሪቱ ሌላኛው ዳር የተመረጡ፣ ሰውን ሁሉ ልጄ የሚሉ፣ ለክርክር እምብዛም የሆኑ ደግ ሰው ናቸው።

«የአስተኚው ነገር ነው ጋሼ። ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆንም።»

«አይዞሽ። እኛስ ስንት ደጅ ጠንተን አይደል አንድ ያገኘነው? እሱ ከመጣ ወዲህ ሴቶቻችን እዚያው በከተማቸው መውለድ ጀመሩ። ለእናንተም ይደርሳል» አሉና አንድ ከረሜላ መዳፏ ላይ አኖሩላት።

ተራዋ ሳይደርስ የሻይ ዕረፍት ሆነ። ኮሪደሩ ላይ ብርጭቆ ይዛ ስትንጎራደድ የሚኒስትሩ አማካሪ መንገዷን ዘጋ። ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚደርስ፣ ሁልጊዜ ምሥጢር ያለው የሚመስል ወጣት ነው።

«ክብርት፣ ደስ የሚል ወሬ ይዤልዎት መጣሁ። ሰኞ የማደንዘዣ ባለሙያ እናንተ ሆስፒታል ይገባል። ትእዛዙ እየወጣ ነው።»

መምህርቷ ሻይዋን ልትደፋው ምንም አልቀራት። «እውነትህን ነው?»

«በእርስዎ ላይማ አልቀልድም። እንግዲህ የእናንተ ጉዳይ ከተፈታ፣ ያን ያስመዘገቡትን ጥያቄ ደግሞ ለሌላ ጊዜ ቢያቆዩት ጥሩ ነው። ቁጥር በቴሌቪዥን ፊት ሲጠየቅ ሕዝቡን ያስደነግጣል።»

«ብጠይቅስ?»

«መብትዎ ነው» አለ ፈገግ ብሎ። «ያኔ የእናንተም ጉዳይ ከአገር አቀፉ ጋር ተደምሮ ወረፋውን ይጠብቃል።»

መብትዎ ነው የሚለው ቃል እንዲህ ሲያስፈራ ሰምታ አታውቅም። ሚጣ በኮረኮንቹ ላይ ስትንገላታ ታየቻት። «ሰኞ ጠዋት ነው ከሰዓት?» አለች። ከዚያ ሌላ ጥያቄ አልወጣትም። ከየት እንደሚመጣ እንኳ አልጠየቀችም፤ ጠያቂ ናት ተብላ አገር ያወቃት ሴት!

አማካሪው ፊቱን ሲያዞር ስልኳን አወጣች።

«ሚጣ! ሰኞ ይመጣል!»

«ማን?»

«አስተኚው ነዋ!»

በዚያ በኩል ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ ተሰማ። «በዚያ መንገድ አልሄድም ማለት ነው? በይ ማይልኝ!»

«አትሄጂም፤ እዚያው ነው የምትወልጂው። ይኸው ነገርኩሽ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መምህርቷ ስልኩን ዘግታ ዓይኗን ጠረገችና ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ደስታ ሰውን ያረጋጋል የሚሉ ይሳሳታሉ፤ እንደገና ስትቀመጥ እግሯ ከጠዋቱ ብሶበት ይርገበገብ ነበር።

አፈ ጉባዔው ጠሯት። የድምፅ ማጉያውን ቁልፍ ተጫነች፣ ቀይዋ መብራት በራች። «ክቡር አፈ ጉባዔ፣ የእኔ ጥያቄ ቀደም ሲል በተናገሩ አባላት ስለተነሣ፣ ጊዜ ላለመሻማት አልደግመውም» አለች። ማንም አላነሣውም ነበር። አፈ ጉባዔው አመሰገኗት፤ ጊዜ የሚቆጥብ አባል መቼም ይመሰገናል። ጆሮዋ ግን እሳት ሆነ።

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» አሉ ጋሽ ከረሜላ። መልስ ሳያገኙ ስልካቸው ነዘረ። ከፊታቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ መነጽራቸውን ቤት ረስተዋል። «እስቲ አንቺ አንብቢልኝ። ከሆስፒታላችን ኃላፊ ነው።»

አነበበችላቸው፤ በሹክሹክታ። «የማደንዘዣ ባለሙያችን ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሆስፒታል እንዲሠራ አሁን ታዟል። ምትክ የለንም። እባክዎ ይድረሱልን።»

የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልተገለጸም። ለሷ ግን ሊገለጽላትም አያስፈልግም ነበር። ስልኩን መለሰችላቸው።

«ማነው እንዲህ የጨከነብን?» አሉ ሽማግሌው ወደ እሷ ዘወር ብለው። «ዛሬ ማታ ምጥ የያዛት ሴት ብትኖርስ? እኔ ምን ብዬ ልመለስ?»

ቀጣዩ ተራ የሳቸው ነበር። ስለ ድልድይ ሊጠይቁ ያዘጋጁትን ትተው ቆሙ። ያላቸውን አንድ ባለሙያ ለምን እንደሚነጥቋቸው ጠየቁ። ሌሎችም ጠየቁ፤ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ላቦራቶሪ፣ ስለ አምቡላንስ ጎማ። ከዚያ ሚኒስትሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው በጥቅሉ መመለስ ያዙ። ስለ ጎማው ብዙ አወሩ። የጋሽ ከረሜላን ጥያቄ «የባለሙያ ዝውውር በጥናት ላይ ተመሥርቶ የሚከናወን ነው» ብለው በአንድ ትንፋሽ አለፉት።

«ያልተመለሰለት አለ?» አሉ አፈ ጉባዔው ሰዓታቸውን እያዩ።

ጋሽ ከረሜላ እጃቸውን አላነሡም። «ጥናት ነው ካሉ እንግዲህ ምን ይባላል» ብለው አጉረመረሙና አንገታቸውን ደፉ።

መምህርቷ በልቧ ሺህ ነገር አወረደች። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ሚጣ ሰኞ አስተኚዋን ታገኛለች፣ ሽማግሌውም ወንዝ ማዶ ያሉ ሰው ናቸው፣ ሌላ ይላክላቸው ይሆናል። አይላክላቸውም፤ ይህን ራሷ ታውቃለች። ብትናገርስ? የሚጣ ሳቅ ገና ጆሮዋ ውስጥ ነው። ብትናገር ያን ሳቅ በገዛ እጇ ልታፍነው ነው። ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል ይባላል፤ እሷ ደግሞ የሰቀለችው ኮሪደር ለኮሪደር እየሄደች፣ ሻይ በእጇ ይዛ ነው። በራሷ ተናደደች። በአማካሪው ተናደደች። አገር ምድሩን በአንድ አስተኚ በሚያዳርስ መሥሪያ ቤት ተናደደች። እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ቁልፉን ተጫነ።

«ቅድም ጥያቄዬ ተነሥቷል ያልኩት ውሸት ነው» አለች። «ማንም አላነሣውም። የኚህ አባት ባለሙያ የሚሄደው ወደ እኔ ከተማ ነው። በሻይ ሰዓት፣ ጥያቄዬን ከተውሁ ሰኞ እንደሚላክልኝ ተነገረኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። አሁን እሺታዬን ስቤያለሁ። ባለሙያው ባለበት ይቆይ። ክቡር ሚኒስትር፣ በአገሪቱ አስተኚ አጥቶ የተቆለፈ የቀዶ ሕክምና ክፍል ስንት ነው?»

አዳራሹ ታመሰ። ሲያንጎላጁ የነበሩት ሳይቀሩ ነቁ። ከኋላዋ አንዱ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ሲል ሰማችው። አማካሪው ከሚኒስትሩ ጆሮ ላይ ተደፋ፤ ሚኒስትሩ ውሃ ጠጡ።

«ቁጥሩን በተመለከተ በጽሑፍ የምናቀርብ ይሆናል።»

«እኛ ጋ አንድ ተቆልፏል» አለ ከወዲያኛው ረድፍ አንድ ድምፅ። ቀይ መብራት በርቷል። «እኛም ጋ» አለች ሌላዋ። «እኛ ጋ ሁለት ነው፤ በአንደኛው ድንች ተከማችቶበታል።» የሳቀ የለም። መብራቶቹ እዚህም እዚያም እየበሩ ሄዱ፣ አፈ ጉባዔው መዶሻቸውን ቢያንኳኩም የሚሰማቸው ጠፋ። መጨረሻ ላይ ሚኒስትሩ ዝውውሩ መሰረዙን፣ የተቆለፉት ክፍሎች ጉዳይም በኮሚቴ እንደሚመረመር ተናገሩ። ኮሚቴ ማለት እንግዲህ የታወቀ ነው፤ ከሰኞ በፊት የሚሰበሰብ ኮሚቴ አልተፈጠረም።

ስብሰባው ሲበተን መምህርቷ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሼ...»

«ስታነቢልኝ ታውቂ ነበር?» አሏት።

«አዎ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይቅርታ ይሁን ወቀሳ አልለየችውም። ዛሬ ልጄ ሳይሏት ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ።

ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። አንዳንዱ ትከሻዋን መታ መታ ያደርጋል፣ አንዳንዱ እንዳላየ ያልፋታል። ስልኳ ሲጠራ መስኮት ሥር ቆማ አነሣችው።

«እትዬ።»

«ወዬ ሚጣ።»

«አየሁሽ። ጎረቤቱ ሁሉ ቤቴ ተሰብስቦ ነበር ያየሽ። አጨበጨቡልሽ።» «ስለዚህ ሰኞ አይመጣም።»

«አይመጣም።»

የእህቷ ትንፋሽ ከብዶ ተሰማት፤ እንደ እርጉዝ ሴት ትንፋሽ፣ አጭርና ድካም ያለበት። «ደግ አድርገሻል» አለች ሚጣ። «የዚያ ከተማ ሴቶችም ያምጣሉ፤ ከነሱ ተቀምቶ አይሆንልኝም። በቃ፣ እመጣለሁ። ነገ ያን መንገድ እሄዳለሁ። ዓይኔን ጨፍኜም ቢሆን።»

«ሚጣዬ፣ ይቅር በይኝ። ጊዜው እኮ ጠቦ፣ ሁኔታውም ራሱ...»

«ሁኔታው አትበዪኝ! እንደነሱ አታናግሪኝ!» ጮኸች፤ ጠዋት «ጠበቅ አድርገሽ» ያለችው ልጅ አልመስል አለቻት። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ሲሰጡሽ ለብቻሽ እሺ አልሽ። ስትመልሺም ለብቻሽ መለስሽ። በኮረኮንቹ ላይ የምንገላታው ግን እኔ ነኝ። አገሩን ሁሉ ስትጠይቂ ትውያለሽ፤ እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም?»

መምህርቷ አፏን ከፈተች። በጽሑፍ አቀርባለሁ አይባል ነገር፣ በጥቅሉ አይመለስ ነገር። ሚጣ ስልኩን አልዘጋችም፤ መልስ እየጠበቀች ነበር።