አባት የሚያደርገው ማስክ

ባሏ ታሞ ከሞተ በኋላ ብየዳ ቤቱን መልሳ ስትከፍት፣ አማቷ ሴትን ከብረት ጋር ምን አገናኛት ብለው አገር ይያዝልኝ አሉ። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ የባሏን ቱታ እጅጌውን አሳጥራ ለበሰች፤ ጥቁር መስታወት ያለውን የብየዳ ማስኩንም አጠለቀች። ሙያውን እሱ በሕይወት ሳለ ከጎኑ ቆማ ተምራዋለች። እውነቱን ለመናገር፣ እጇ ከእሱም ይሻላል።

አንድ ጠዋት ማስኩ ጠፋ። ቤቱን ገለባብጣ ፈለገች። የአራት ዓመት ልጇን ብትጠይቃት፣ አላየሁም አለች። ለዚያን ቀን የተቀጠረ የብረት በር ነበር፤ በያጅ ደግሞ ቃሉን አንዴ ካጠፈ ደንበኛ አይመለስለትም። ምን ይመጣል ብላ በፀሐይ መነጽር በየደች። ሞኝነት መሆኑን በያጅ ሁሉ ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች።

ከሰዓት በኋላ የብየዳው ብርሃን ያቃጠለው ዓይኗ ውስጥ አሸዋ የገባ መሰላት። እየተደናበረች ቤት ገብታ ዓይኗን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና ተጋደመች።

ልጅት በሩ ላይ ቆማ አየቻት። አባቷም መጨረሻ ላይ እዚሁ አልጋ ላይ ነበር የተኛው። በድንጋጤ ሮጣ ሄዳ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሥር ማስኩን አወጣችና እናቷ አጠገብ አስቀመጠችው።

እናትየው በእጇ ዳስሳ አወቀችው። ደሟ ፈላ። ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ልጅት ቀደመቻት።

"ይሄን ስታደርጊ አባት ትሆኛለሽ። አባት ደግሞ ይሞታል።"

ወይ የልጅ ነገር! ለካ ይህች እንቦቃቅላ በትንሽ ጭንቅላቷ ዓለምን ለሁለት ከፍላ ጨርሳለች፤ ቱታ፣ ብረትና ሞት ለአባት፣ ቀሚስ፣ ድስትና ዕድሜ ለእናት። እናትየው ቁጣዋን ትታ የልጅቱን እጅ ያዘች። ማስክ ብታደርግም፣ ብረት ብትበይድም እናት እናት እንደሆነች፣ ልብስም ሥራም ሰውን እንደማይለውጥ ቀስ ብላ ነገረቻት። ልጅት ማስኩን በጣቷ እየነካካች ጠየቀች።

"እናትም ትበይዳለች?"

"ትበይዳለች።"

"እናትም ትሞታለች?"

እናትየው ልትዋሽ ፈለገች፣ አልሆነላትም።

"ትሞታለች። እኔ ግን ይኸው አለሁልሽ" ብላ ወደ ራሷ ሳበቻት።

አባቷ የተቀበረ ዕለት ቤቱ በልቅሶ ሲናጥ ልጅት አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም ነበር። ለካ መሞት የአባቶች ሥራ ነው ብላ ኖሯል። አሁን እናቷ ደረት ላይ ተደፍታ አባዬ፣ አባዬ እያለች አለቀሰች።