አርብ ተነስቶ ሐሙስ መድረስ

ከእኛ ከተማ ከአፒያ፣ ጎረቤት ደሴት ላይ ያለችው ፓጎ ፓጎ ሩቅ አይደለችም። በመርከብ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሱ ማደር አለ፤ በአውሮፕላን ግን ባሕሩን አይተው ሳይጠግቡ ይደርሳሉ። ግማሽ ሰዓት ቢያልፍ ትንሽ ነው። ያችን ግማሽ ሰዓት የምታበረው ደግሞ ልጄ ናት። ካፒቴን ፋፒዮላ! ይህን ያልነገርኩት ሰው አፒያ ውስጥ ካለ፣ ገና ዛሬ የገባ እንግዳ መሆን አለበት።

ወንድሜ አፓኢሳ ፓጎ ፓጎ ላይ የአባታችንን የአለቅነት ማዕረግ ሊቀበል ነበር። እኅት የቤተሰቡን ስስ ምንጣፍ በሕዝብ ፊት ካልዘረጋችለት፣ ሹመቱ ሹመት አይባልም። እናታችን የሠራችውን ምንጣፍ ታቅፌ አርብ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያ ደረስኩ። ሻንጣ ጫኙም ቲኬት ቆራጩም "ካፒቴንሽ እንዴት ናት?" ሲሉኝ ሳወራ ሳወራ፣ ሚዛን ላይ የወጣሁት ከሁሉም ኋላ ነው። እኛ ዘንድ ከዕቃው ጋር ሰውም ይመዘናል። የኔን ቁጥር አልናገርም።

ፋፒዮላ ደንብ ልብሷን ለብሳ መጣች።

"ነፋሱ ከፍቷል፤ ነዳጅ ልጨምር ነው። ክብደት ስለሚበዛ አንድ ሰው ይቀራል፤ መጨረሻ የተመዘነው።"

ሁሉም ወደኔ ዞረ።

"እማ፣ አንቺ ነሽ።"

"እኔ? ዘጠኝ ወር የተሸከምኩሽ እኔ?"

"አንቺማ ችለሻት ነበር፤ እሷ ናት ያልቻለችሽ!" አለ አንድ ሽማግሌ። ሰልፉ በሳቅ አለቀ።

"ሹመቱ አርብ ነው! ዛሬ አርብ ነው! አጎትሽን በሰው ፊት ልታዋርጂው ነው?" እንባዬ መጣ።

"እማ፣ እዚያ እኮ ገና ሐሙስ ነው። ነገ ቅዳሜ ብንነሳ አርብ እንደርሳለን። እኔው እወስድሻለሁ።"

ቀን የሚቀየርበት መስመር በእኛና በእነሱ ደሴት መሃል እንደሚያልፍ፣ እነሱም በአንድ ቀን ወደ ኋላ እንደሆኑ ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ ንዴት አስረሳኝ እንጂ።

"ነገም ነፋስ ቢሆንስ? ለእናትሽ አንዲት ቦታ ይጠፋል?" አልኩ በሹክሹክታ።

"የነዚህንም እናቶች አስቢ፣ እማ" አለችኝና ወደ አውሮፕላኗ ሄደች። ደህና ግቢ እንኳ አላልኳትም።

ያን ቀን እህል አልቀመስኩም፤ ጆሮዬ ነፋሱ ላይ ነበር። በማግስቱ ነፋሱ በረደ፤ እኔም ገና በሩ ሳይከፈት ደርሼ አንደኛ ተመዘንኩ።

ፓጎ ፓጎ ስደርስ እዚያ ገና አርብ ነው፤ ሕዝቡ ተቀምጧል፤ የአፓኢሳ ዓይን መንገድ ላይ ነው። ምንጣፉን ስዘረጋ እልል ተባለ። የቤተሰቡ ተናጋሪ ግን፣ ነገር የማያሳልፍ ሰው ነው፣ በትሩን ተደግፎ ጮክ ብሎ ጠየቀኝ።

"እመቤቴ፣ የጠበቅንዎት ትናንት በዋዜማው ነበር! አብራሪ ልጅ እያለዎት ምን አስቀረዎት?"

ወንድሜ አቀረቀረ። እኔ ግን ቀና አልኩ።

"ልጄ አልጭንሽም አለችኝ!"

ሜዳው አጉረመረመ።

"ነፋስ ነበር። ተራው የሌሎቹ ነበር። የገዛ እናቷን አልጭንም አለች!"

ደረቴ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። ከኋላ የተቀመጡት ያልሰሙ ስለመሰለኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩላቸው።