የኦሬስቴና የዜሊንዳ ቁም ሳጥን

ኦሬስቴና እህቱ ዜሊንዳ ከተኳረፉ አስራ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ያኳረፋቸው ዋልነት ከሚባለው ውድ እንጨት የተሠራ አንድ ቁም ሳጥን ነው። እኔና እነሱ ሦስታችንም ጣሊያን አገር ክሬሞና ከተማ ውስጥ በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ አብረን አደግን። እኔ የአሮጌ ዕቃ አዳሽ ሆኜ ቀረሁ፤ እነሱ ሁለት መንገድ ተራርቀው እየኖሩ ባዳ ሆኑ።

እናታቸው ስትሞት "ከእናት ወገን የመጣው ለሴት ልጅ፣ ከአባት ወገን የመጣው ለወንድ ልጅ" ተባብለው ነው ንብረት የተካፈሉት። የአልጋውም፣ የመስተዋቱም፣ የመዳብ ድስቱም ወገን ይታወቅ ነበር። የቁም ሳጥኑ ግን አልታወቀም። ከታች ሦስት ሰፋፊ መሳቢያዎች አሉት፣ ከነሱ በላይ ሲከፈት መጻፊያ የሚሆን ዘቅዛቃ ክዳን፣ ከዚያ በላይ ባለ ሁለት በር መደርደሪያ፤ ጣሪያ ሊነካ ምንም አይቀረው። ዜሊንዳ "እናቴ ስትዳር ከአገሯ ከቪቼንዛ ይዛው የመጣችው ነው" አለች። ኦሬስቴ "የአያቴ ነው፤ የክሬሞና አናጢ ሥራ ነው" አለ። አንድ ቀን እሷ ሥራ ላይ እያለች ሰው ቀጥሮ ወደ ቤቱ አስወሰደው። ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጠችም።

በአስራ አንደኛው ዓመት ኅዳር ላይ ኦሬስቴ አስጠራኝ። ስገባ ደነገጥኩ። ያ ግንድ የሚያህል ሰው ሸሚዙ ውስጥ ጠፍቷል።

"ምን ታፈጥብኛለህ ፌርሞ? ሬሳ አይተህ አታውቅም?" አለኝ እየሳቀ።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ጉበቴ ነው። ሐኪሙ ፋሲካን አትጠብቅ ብሎኛል። እሱን ተወውና ይሄን ዕቃ እየው። የየት አገር ሥራ እንደሆነ እውነቱን ንገረኝ።"

መሳቢያዎቹን አወጣሁ፤ ዕቃውን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጌ ጀርባውን መረመርኩ። የዕቃ አገሩ የሚታወቀው በማይታየው በኩል ነው። ፊቱን ሁሉም በዋልነት ያሳምረዋል፤ ውስጡን ግን አናጢው በቅርቡ ባገኘው እንጨት ይሠራዋል። የኛ የክሬሞና የሜዳው ሰዎች ፖፕላር የሚባለውን ነጭና ለስላሳ እንጨት፣ የቪቼንዛዎቹ ደግሞ ከተራራ በወንዝ የሚወርድላቸውን ጥድ። የመሳቢያዎቹ ውስጥ ፖፕላር ነበር። "ያንተ ነው" ልለው ስል የላይኛውን በር ከፈትኩ። ጀርባው ሙሉ በሙሉ ጥድ ነው። ታችኛውና ላይኛው የተገናኙበትን ቦታ በጣቴ ዳሰስኩት፤ እንዲገጥም ብለው ጠርዙን በመላጊያ ልገውታል፤ ምስማሮቹም የኋላ ጊዜ ናቸው።

"ሁለት ዕቃ ነው" አልኩት። "የታችኛው የክሬሞና ነው፣ የአባትህ ወገን። የላይኛው የቪቼንዛ፣ የእናትህ። ሲጋቡ ያስገጠሙት ይመስለኛል።"

ወደ ዕቃው እያየ "እና ሁለታችንም ልክ ነበርን?" አለኝ።

"ሁለታችሁም።"

"አስራ አንድ ዓመት!" ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "አይ እኛ! ነገ የላይኛውን ውሰድላት። መታመሜን ግን እንዳትነግራት፤ በእናትህ ማልልኝ። ወንድሜ ብላ ትምጣ እንጂ በሽተኛ ልጠይቅ ብላ እንዳትመጣ።"

ማልኩለት።

በማግስቱ የላይኛውን ክፍል አስጭኜ ስሄድ ዜሊንዳ እጇን ዱቄት እንደነካው በሩን ከፈተችልኝ። ከሕመሙ በቀር የሆነውን ነገርኳት። የጥዱን ሳንቃ በክንዷ እየዳበሰች ቆየች።

"እሱ ራሱ ነው የላከህ?"

"እሱ ራሱ።"

"ታዲያ እግር የለውም? የሰረቀው እሱ፣ የሚመልሰው ፌርሞ!" ድምፅዋ ግን ላልቶ ነበር። "ለገና ይምጣ በለው። ሥጋ የተሞላውን የማሩቢኒ ፓስታ በሾርባ እሠራለታለሁ።"

"ዛሬ አንቺ ብትሄጂስ?"

"አስራ አንድ ዓመት ጠብቄ አሁን አንድ ወር ልቸኩል? ይምጣ አልኩህ!"

ታሟል የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

ኦሬስቴ ሲሰማ እንደ ልጅ ሆነ። "ማሩቢኒ አለች? በራሷ አፍ?" ምርኩዝ አስገዛኝና ከአልጋው እስከ መስኮቱ መራመድ ይለማመድ ጀመር። መጀመሪያ አምስት ጊዜ ይመላለስ ነበር፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ መቀመጥ ብቻ። ሁለት ጊዜ ለዜሊንዳ ልነግራት ወጥቼ ከመንገዱ ጥግ ተመለስኩ። መሐላ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ለገና አምስት ቀን ሲቀረው ሞተ።

ዜሊንዳ ከገበያ ስትመለስ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው የሞት ማስታወቂያ ላይ ስሙን አነበበች። ዘንቢሏን እንደያዘች ወደ ሥራ ቦታዬ መጣች።

"መታመሙን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር። አስምሎኝ ነው።"

"ለገና ይምጣ ስልህም ታውቅ ነበር?"

"አዎ።"

በጥፊ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። "ሥጋውን አብዝቼ አዝዤ ነበር" አለች። "እሱ ሁለት ሳህን ካልበላ አይጠግብም።" ከዚያ እንጨት ፍቅፋቂው ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ መሣሪያዬን ይዤ እንደ ደነዘዝኩ ቆምኩ። ላነሳት እጄን ብዘረጋ ገፋችኝ።

ሁለቱን ክፍሎች መልሼ እንድገጥማቸው አልጠየቀችኝም፤ እኔም አፍሬ አላነሳሁባትም። ሰዎች "ቃልህን ጠበቅክ፣ ምን ልታደርግ ትችል ነበር?" ይሉኛል። አንድ ወር ነበራቸው። ያን ወር የበላሁባቸው እኔ ነኝ።